ከብረት ሽቦ እስከ ክራርና መሰንቆ፦ የሐሊም አል ዳብዕ ሕይወትና ሥራ

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አጀማመር ሲነሣ ብዙዎች ፓሪስን፣ ኮሎኝንና ኒው ዮርክን ያስባሉ። ነገር ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ በ1944፣ በካይሮ ከተማ ከዚያ በፊት ያልተሰማ ዓይነት ሙዚቃ ተሠርቶ ነበር። መሣሪያው ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ በውሰት የተገኘ የሽቦ ድምፅ መቅረጫ ነው። ጥሬ ዕቃው ደግሞ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ለሚኖር ሕዝብ እንግዳ ያልሆነው የዛር ዜማ ነው። የሥራው ባለቤት የ23 ዓመቱ ግብፃዊ ሐሊም አል ዳብዕ ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኚህ ሰው ከ19 ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ክራርን፣ መሰንቆን፣ ዋሽንትን፣ በገናንና ከበሮን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። የካይሮው የሽቦ ቅጂና የአዲስ አበባው ኦርኬስትራ ላይ ላዩን ሲታዩ ምንም የማያገናኛቸው ሥራዎች ይመስላሉ፤ አንዱ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ውጤት ነው፣ ሌላው የጅማት፣ የቆዳና የሸምበቆ። የደራሲውን ሕይወት በቅደም ተከተል ለሚመለከት ግን ሁለቱም ከአንድ ጥያቄ የተነሡ ናቸው። ጥያቄው በእጅ ያለው መሣሪያ ጥቂትና ውሱን በሆነ ጊዜ ሙዚቀኛው ምን ይመርጣል፣ ምንስ ይተዋል የሚል ነው።

ሐሊም አል ዳብዕ መጋቢት 4 ቀን 1921 በካይሮ ከተማ ሰካኪኒ በተባለው ሰፈር ከቅብጥ ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለዱ። ቤተሰቡ ሙዚቃ ወዳድ ነበር። በልጅነታቸው ፒያኖና በግብፃውያን ዘንድ ደርበካ የሚባለውን የእጅ ከበሮ ተለማመዱ። እነዚህ ሁለት መሣሪያዎች የሁለት ዓለም መልእክተኞች ነበሩ። ፒያኖ ድምፆችን በቁርጥ ለይቶ በየረድፋቸው የሚያስቀምጥ የአውሮፓ ዕቃ ነው። ደርበካ ግን በጣትና በመዳፍ ምት መካከል ያለውን ስውር የድምፅ ልዩነት የሚያስተምር የአገር ልጅ ነው። አል ዳብዕ አንዱን ስለ ሌላው ብለው አልተዉም፤ በኋላ ዘመን በጻፏቸው የፒያኖ ሥራዎች ውስጥ እንኳ የከበሮው ምት ጎልቶ ይሰማል።

በ1932 የካይሮ ከተማ ታላቅ የዐረብ ሙዚቃ ጉባኤ አስተናገደች። በንጉሥ ፉአድ ድጋፍ በተካሄደው በዚህ ጉባኤ ላይ ከሞሮኮ እስከ ኢራቅ ያሉ የሙዚቃ ቡድኖች ተገኙ፤ ከአውሮፓም እንደ ቤላ ባርቶክና ፖል ሂንደሚት ያሉ ስመ ጥር የዜማ ደራስያን መጡ። የጉባኤው ሙዚቃ በሸክላ ተቀረፀ። ጉባኤተኞቹ ከተከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ የመሣሪያ ምርጫ ነበር። ፒያኖ የዐረብ ሙዚቃን ረቂቅ የድምፅ እርከኖች ማውጣት የማይችል ስለ ሆነ ሊገባ ይገባዋል ወይስ አይገባም የሚለው ብርቱ ሙግት አስነሣ። አል ዳብዕ ያን ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ጉባኤውንም ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ሆነው ለመመልከት በቁ።

እንዲህም ሆኖ የተማሩት ሙዚቃ አልነበረም። ዛሬ የካይሮ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው በያኔው የፉአድ ቀዳማዊ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ምሕንድስና አጠኑ። ሙያው ወደ ገጠር የሚያወጣ ነበርና በየመንደሩ እየተዘዋወሩ በአዝመራ ወቅት የሚዜመውን፣ በሠርግና በለቅሶ የሚባለውን ሁሉ ሰሙ። የሰሙትን በኖታ ለመጻፍ ሲሞክሩ ግን ዋናው ነገር ከወረቀቱ ያመልጥ ነበር። የድምፁ ሻካራነት፣ የትንፋሹ መቆራረጥ፣ የብዙ ሰዎች ድምፅ አንዱ በሌላው ላይ ሲደራረብ የሚፈጥረው ጉምጉምታ በአምስት መስመር ላይ የሚቀመጥ አይደለም። የድምፅ መቅረጫ ፍለጋው የተጀመረውም ከዚሁ እጥረት ነው።

የቀረፁት ሥርዓት ዛር ነው። ስለ ዛር አመጣጥ ጥናት ያደረጉ ብዙ ሊቃውንት ሥሩን ከኢትዮጵያ ያያይዙታል። በጎንደር ከተማ የነበረውን የዛር ሥርዓት ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ለወራት ተከታትሎ መዝግቦታል። ሥርዓቱ ከባሪያ ንግድ፣ ከነጋዴና ከተሳላሚ ጉዞ ጋር በሱዳን በኩል ወደ ግብፅ፣ በባሕሩም ማዶ ወደ ዐረብ ምድር ተሻግሯል። ኤደንም የሁለቱ ዳርቻዎች መገናኛ ወደብ በመሆኗ ዛርን ከጥንት የምታውቅ ከተማ ናት። ዕጣኑ፣ ቡናው፣ ከበሮውና ዛሩ የሰፈረበት ሰው ማጓራት ከጎንደር እስከ ካይሮ፣ ከኦምዱርማን እስከ ኤደን ቢለያይም እንኳ ዘመዳሞች መሆናቸው ለሰሚ አይጠፋም። የሁለቱም ታላላቅ ሃይማኖቶች መምህራን ሥርዓቱን ሲነቅፉት ኖረዋል። ብዙ ሴቶች ደግሞ ከቤት ጣጣና ከሐዘን ለጥቂት ሰዓት የሚያርፉበት ስፍራ አድርገውት ኖረዋል።

በካይሮ የዛር ሥርዓት በአብዛኛው የሴቶች ጉባኤ ነበር፤ ወንድ እንደ ልቡ የሚገባበት አልነበረም። አል ዳብዕና ካማል ኢስካንደር የተባለው ጓደኛቸው እንደ ሴቶቹ ራሳቸውን ተከናንበው እንደ ገቡ ይነገራል። ይዘውት የገቡት መሣሪያ በኪስ የሚደበቅ አልነበረም። ከመካከለኛው ምሥራቅ የሬዲዮ ጣቢያ የተዋሱት የሽቦ መቅረጫ ከነማይክሮፎኑና ከነገመዱ የሸክም ያህል ነበር።

ይህ መሣሪያ ዛሬ ከአገልግሎት ስለ ወጣ አሠራሩን በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ድምፅን በማግኔት ኃይል በብረት ሽቦ ላይ የመቅረፅን ዘዴ ዴንማርካዊው ቫልድማር ፖልሰን በ1898 ፈለሰፈ። እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ሽቦ ከአንዱ ጥቅልል ወደ ሌላው ሲያልፍ ማይክሮፎኑ የሚልከው የኤሌክትሪክ ሞገድ በሽቦው ላይ የማግኔት አሻራ ይተዋል። ሽቦው እንደገና ሲያልፍ ያ አሻራ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። በጦርነቱ ዘመን መሣሪያው ለሠራዊትና ለሬዲዮ ሥራ ጠቅሟል። ጉድለቱ ግን ብዙ ነው። ሽቦው ይጠማዘዛል፣ ይወሳሰባል፣ ሲበጠስም እንደ ክር ተቋጥሮ ካልሆነ አይቀጠልም። ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን እኩል አጥርቶ አይቀርፅም። በመቀስ ቆርጦ እንደ ልብ መቀጣጠል የሚቻልበት የማግኔት ቴፕ በጀርመን ተሠርቶ የነበረ ቢሆንም፣ ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ከጀርመን ውጭ ለነበረ ሙዚቀኛ አልደረሰም።

እንግዲህ አል ዳብዕ ሽቦውን ቆርጠው አንዱን ድምፅ ከሌላው ጋር መስፋት አይችሉም ነበር። በየድምፁ የሚለያይ የብዙ መቅረጫ ዝግጅትም አልነበራቸውም። የቀራቸው አማራጭ የቀረፁትን ድምፅ በድምፅ ማጉያ አሰምቶ በሌላ ጊዜና በሌላ ቦታ መልሶ መቅረፅ ነው። በሬዲዮ ጣቢያው ግድግዳዎቹ የሚንቀሳቀሱ፣ የገደል ማሚቶውን መጠን ለመለወጥ የሚያስችል ክፍል ነበር። ድምፁን በዚያ ክፍል ውስጥ ይለቁታል፤ ግድግዳውን እያቀረቡና እያራቁ ማሚቶውን ያሳጥሩታል ወይም ያስረዝሙታል፤ የኤሌክትሪኩን ኃይል ከፍና ዝቅ እያደረጉም ጠባዩን ይለውጡታል። ከዚያም ውጤቱን ዳግመኛ ይቀርፁታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ውሳኔያቸው ግን የጨመሩት ሳይሆን የቀነሱት ነገር ነበር። ማንኛውም የሰው ድምፅ አንድ መሠረታዊ ድምፅና ከእርሱ በላይ የሚሠፍሩ ብዙ ረቂቅ ድምፆች ድምር ነው። ጆሮ ዜማውን የሚለየው በመሠረታዊው ድምፅ ሲሆን፣ የእናትን ድምፅ ከእኅት ድምፅ የሚያስለየው ደግሞ የረቂቆቹ አደራደር ነው። አል ዳብዕ መሠረታዊውን ድምፅ እያደከሙ ረቂቆቹን አጎሉ። በዚህም ምክንያት ቃላቱ ደበዘዙ፤ የሴቶቹ ዝማሬ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ ከሩቅ ተራራ የሚያስተጋባ የሚመስል ድምፅ ሆነ። ለእሳቸው ይህ የመሣሪያ ጨዋታ አልነበረም። በዛሩ ጉባኤ መካከል ሆነው የተሰማቸውን፣ ኖታ ሊይዘው ያልቻለውን የውስጥ ስሜት ለማውጣት የተወሰደ እርምጃ ነበር። የማኅበራቸው ቅጥር ለወንድ ዝግ የሆነባቸው ሴቶች ድምፅ ያለ ቃላቱ መውጣቱም የምሥጢራቸውን የተወሰነ ክፍል ሸፍኖ አስቀርቷል።

ሥራው የዛር መግለጫ የሚል ትርጉም ያለው የዐረብኛ ስም ተሰጠው። ርዝመቱም ከ20 ደቂቃ በላይ ነበር። በዚያው በ1944 በካይሮ በአንድ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ለሕዝብ ቀረበ። ዘፋኝ በሌለበት፣ ተጫዋች በማይታይበት አዳራሽ ከድምፅ ማጉያ የሚወጣን ቅንብር ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ለተሰብሳቢው አዲስ ነገር ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1948፣ ፈረንሳዊው የሬዲዮ ባለሙያ ፒየር ሼፈር የባቡርና የሌሎች ነገሮችን ድምፅ በሸክላ ቀርፆ ያቀናበራቸውን ሥራዎች ከፓሪስ በሬዲዮ አሰማ። የሼፈር ሥራ መጽሐፍ ተጻፈለት፣ የምርምር ተቋም ቆመለት፣ ስምም ወጣለት። የካይሮው ሽቦ ግን ለብዙ ዓመታት የሚያስታውሰው አላገኘም።

የመሣሪያ ውሱንነት የሙዚቃን መልክ እንደሚወስን የኤደን ከተማም ከዚያው ዘመን የራሷ ምስክር አላት። ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኦዴዎንና ፓርሎፎን የተባሉት የአውሮፓ የሸክላ ኩባንያዎች የኤደንን ዘፋኞች ቀርፀዋል፤ ተከትለውም እንደ ኤደን ክራውንና ታሃፎን ያሉ የከተማይቱ ነጋዴዎች ያቋቋሟቸው የሸክላ ድርጅቶች ተነሥተዋል። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። በቃት ቤት ምሽት ላይ እየተዝናኑ ለሰዓታት የሚዘፈነው የየመን ዜማ በዚህ መጠን መቆረጥ ነበረበት። እንደ ኢብራሂም አል ማስ ያሉ የዑድ ሊቃውንት ከረጅሙ ግጥም የትኛውን ቤት ማስቀረት፣ የትኛውን መያዝ እንዳለባቸው መምረጥ ግድ ሆነባቸው። የአል ዳብዕ ችግርና የኤደን ዘፋኞች ችግር በዓይነቱ ቢለያይም መፍትሔው አንድ ነበር፤ እርሱም መሣሪያው የማይችለውን እያዘኑ ከመቆጠር በሚችለው ውስጥ የራስን ቃና ማግኘት ነው።

አል ዳብዕ ከዛሩ ሥራ በኋላ ወደ ግብርና ሙያቸው ቢመለሱም ዜማ መድረሳቸውን አላቋረጡም። በ1949 በካይሮ በሚገኘው የቅዱሳን ሁሉ ካቴድራል አዳራሽ የፍልስጥኤምን ጦርነት መነሻ ያደረገ የፒያኖ ሥራቸውን አቀረቡ። ሥራው የጋዜጦችንና የውጭ አገር ዲፕሎማቶችን ትኩረት ሳበ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1950፣ ለሙዚቃ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተጓዙ። በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ፣ በቦስተን በሚገኘው የኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪና በብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፤ ከኧርንስት ክሬኔክና ከአሮን ኮፕላንድም ዕውቀት ቀሰሙ። በኒው ሜክሲኮ ቆይታቸው የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ዜማና ሥርዓት ቀርበው ለማየት ዕድል አገኙ።

በአሜሪካ ስማቸውን ያስጠራው በ1958 ለዝነኛዋ የዳንስ ባለሙያ ለማርታ ግራሃም የደረሱት የክሊተምነስትራ ሙዚቃ ነው። ከጥንታዊው የግሪክ ተውኔት የተወሰደው ይህ የሙሉ ምሽት ዳንስ ከግራሃም ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። የጉገንሃይም ድጋፍም አገኙ፤ በ1961 ደግሞ የአሜሪካ ዜግነት ወሰዱ።

በዚያው ጊዜ በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል በሮክፌለር ድርጅት ገንዘብ ተቋቋመ። መሥራቾቹ ኦቶ ሉዌኒንግና ቭላድሚር ኡሳቼቭስኪ አል ዳብዕን ጋበዟቸው። ከ1959 ጀምሮም በማዕከሉ ሠሩ። በካይሮ በአንድ የተዋሱት መቅረጫ ላይ የተንተራሱት ሰው አሁን በዘመኑ እጅግ ውድ በሆኑ ዕቃዎች ተከበቡ። በማዕከሉ አንድ ክፍል የሞላው የአር ሲ ኤ ሲንተሳይዘር ነበር። መሣሪያው በተበሳ ወረቀት የሚታዘዝ፣ እያንዳንዱን ድምፅ በቁመቱ፣ በርዝመቱና በኃይሉ አስቀድሞ በቁጥር መወሰን የሚያስችል ነበር። እንደ ሚልተን ባቢት ያሉ የሒሳብ ዝንባሌ ያላቸው ደራስያን በዚህ መሣሪያ ተማረኩ፤ ተጫዋች የሚያፋልሰው ነገር የሌለበት ፍጹም ትክክለኛነት ይሰጣቸው ነበርና።

የአል ዳብዕ ዝንባሌ ከዚህ የተለየ ነበር። እሳቸው የሚታወቁት በቴፕ ሥራ ነው። የሰው ድምፅን፣ የክርና የምት መሣሪያዎችን በቴፕ ይቀርፃሉ፤ ቴፑን ያፈጥናሉ፣ ያዘገማሉ፣ ይደራርባሉ፤ በኤሌክትሪክ ከሚመነጩ ድምፆችም ጋር ያዋሕዷቸዋል። የሠሩት ነገር በስሌት የተቀመረ ሳይሆን በጆሮ እየተዳመጠ የተመረጠ ነበር። ጥንት በዛር ቤት የሰሙት የድምፆች መደራረብ በኒው ዮርክም አልተለያቸውም። በ1959 የሠሩት ለይላና ገጣሚው የተባለው ቅንብር የለይላንና የመጅኑንን ጥንታዊ የዐረብ የፍቅር ታሪክ መነሻ አድርጎ የሰውን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጋር ያጋባ ነው። ማዕከሉ የአባላቱን ሥራዎች ሰብስቦ በ1964 በኮሎምቢያ ሸክላ ሲያሳትም ለይላ ከተመረጡት መካከል ገባ። ሸክላው በአሜሪካ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ እንደ መነሻ ሰነድ ይታያል።

የትውልድ አገራቸውም አልረሳቻቸውም። በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ለጎብኚዎች ለሚቀርበው የድምፅና የብርሃን ትርኢት ሙዚቃውን በ1960 ደረሱ። ይህ ሙዚቃ ስማቸውን ሰምተው ለማያውቁ እጅግ ብዙ ሰዎች ጆሮ የደረሰ ሥራቸው ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1962 ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1964 ድረስ አስተማሩ። በዚያን ዘመን የአዲስ አበባ የሙዚቃ መድረክ በነሐስ መሣሪያዎች የተያዘ ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች በመለከት፣ በሳክስፎንና በጃዝ ከበሮ ሕዝቡን ያስደንቁ ነበር። ዘመናዊ ሙዚቃ ማለት ከውጭ በመጣ መሣሪያ የሚሠራ ሙዚቃ ማለት ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር የያዘ ነበር። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ በጠጅ ቤትና በሠርግ ቤት፣ ባለ በገናው በጾም ወራት በቤቱ፣ እረኛው ዋሽንቱን ይዞ በተራራው ላይ ይገኙ ነበር እንጂ በአንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ልማድ አልነበረም።

ሐሊም አል ዳብዕ የኒው ዮርክን ታላላቅ ማሽኖች አይተው የመጡ ሰው ቢሆኑም በአዲስ አበባ የመረጡት የአገሩን መሣሪያ ነው። በ1963 በዩኒቨርሲቲው የሥነ ጥበብ ማዕከል ዙሪያ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋሙ። ከልዩ ልዩ አካባቢዎችና ብሔረሰቦች የመጡ ተጫዋቾች ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ ይዘው ተሰባሰቡ።

የገጠማቸው ችግር ቀላል አልነበረም። ክራር የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ ዘፋኙ ሲለወጥ ቅኝቱም ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ በኋላ ድምፁ አይለወጥም፤ ስለዚህ ዋሽንት ነፊ የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ብዙ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል። መሰንቆ አንድ የጭራ ክር ብቻ ያለው ሲሆን የተጫዋቹ ጣት በፈለገው ቦታ ሊያርፍ ይችላል። በገና አሥር አውታሮች አሉት፤ ከአውታሮቹ ሥር የሚገቡት ትናንሽ ቆዳዎች የሚሰጡት ጉምጉምታ በሌሎች ጩኸት ውስጥ በቀላሉ ይዋጣል። እምቢልታ ደግሞ በጥቂት ድምፆች ብቻ የተወሰነ በመሆኑ አንድ ዜማ የሚወጣው ሦስት ሰዎች እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። ከተጫዋቾቹም ብዙዎቹ ጥበቡን በጆሮና በቃል የወረሱ እንጂ ኖታ የተማሩ አልነበሩም።

አውሮፓዊ ሥርዓትን በግድ ለመጫን ለፈለገ ሰው መንገዱ ግልጽ ነበር። ክራሩን በፒያኖ ልክ ማቃኘት፣ በገናውን መተው፣ ለመሰንቆው በቫዮሊን መተካት ይቻል ነበር። እንዲህ ቢደረግ ግን የሚቀረው ኦርኬስትራ እንጂ ኢትዮጵያ አትሆንም ነበር። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የያዘው መንገድ የየመሣሪያውን ጠባይ ሳይነኩ ተጫዋቾቹ በጋራ ድምፅ እንዲስማሙና አንዱ ለሌላው ቦታ እንዲለቅ ማድረግ ነበር። የዛሩን ድምፅ በካይሮ ሲሠሩ መሠረታዊውን ቀንሰው ረቂቁ እንዲሰማ እንዳደረጉ ሁሉ፣ በዚህም ጥበቡ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስጮኽ ሳይሆን ማን መቼ ዝም እንደሚል ማወቅ ነበር።

ኦርኬስትራው ከመሥራቹ በኋላም ኖረ። አል ዳብዕ በ1964 ወደ አሜሪካ ሲመለሱ አመራሩን የሰላም ጓድ አባል የነበረው ጆን ኮ ተረከበ። ከ1966 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያዊው የዜማና የግጥም ደራሲ ተስፋዬ ለማ መሪ ሆኖ ቡድኑን ለረጅም ጊዜ አቀና። በ1969 የኦርኬስትራው አባላት የጥቁር ዓባይ ቡድን በሚል ስም በአሜሪካ ከተሞች እየተዘዋወሩ አሳዩ፤ ብዙ አሜሪካውያን ክራርና መሰንቆን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ጊዜ ነው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በ1975፣ ኦርኬስትራው ፈረሰ። የባህል መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ የማሰባሰቡ ልማድ ግን አልፈረሰም። ዛሬ በየቴአትር ቤቱና በየባህል ምሽቱ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ አንድ ላይ ሲቀርቡ ማየት የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ፣ አንድ ጊዜ አዲስ ሐሳብ እንደ ነበር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

አል ዳብዕ ከኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ ከ1966 እስከ 1969 በዋሽንግተን በሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም እስከ 1991 ድረስ በኦሃዮ በሚገኘው የኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በኬንት ከተማም ኑሯቸውን መሠረቱ። ኦፔራ፣ የፒያኖና የኦርኬስትራ ሥራዎችን ጻፉ፤ የአፍሪካን ሙዚቃና ሥርዓት ማጥናታቸውንም ቀጠሉ። የከበሮ ፍቅራቸው እስከ እርጅና አልበረደም።

የ1944ቱ ሥራ ለዓለም የተገለጠው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው። በአዲሱ ምዕተ ዓመት መግቢያ የድሮ የኤሌክትሮኒክ ሥራዎቻቸው በሲዲ ተሰብስበው ሲወጡ ከዛሩ ቅንብር የተወሰደ የሁለት ደቂቃ ገደማ ቁራጭ ተካተተበት። ከ20 ደቂቃ በላይ ከነበረው ሥራ ሕዝብ ሊያገኘው የቻለው ይህን ብቻ ነው። ሆኖም የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፍት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን መነሻ እንደገና እንዲመረምሩት በቂ ሆነ። በ2003 ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው ሙሉ መጽሐፍ ታተመ። ፓሪስን ብቻ መነሻ አድርገው ይጽፉ የነበሩ መጻሕፍትም ካይሮን ማስቀደም ጀመሩ።

ሐሊም አል ዳብዕ መስከረም 2 ቀን 2017 በ96 ዓመታቸው በኬንት ከተማ ዐረፉ። ዛሬ በኤደንም ሆነ በአዲስ አበባ በአንድ ወጣት ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ፣ በካይሮ የሬዲዮ ጣቢያ ከነበረው ሽቦና ተንቀሳቃሽ ግድግዳ ይልቅ እጅግ ብዙ ነገር መሥራት ይችላል። ድምፅ ይቀርፃል፣ ይቆርጣል፣ ያስተጋባል፤ የመቶ መሣሪያ ድምፅም በአንድ ንክኪ ያቀርባል። የትኛው ድምፅ መቅረት፣ የትኛው መሄድ እንዳለበት ግን አይነግርም። ያን ለማወቅ አል ዳብዕ የግብፅን መንደሮች በእግራቸው ዞረዋል፣ ተከናንበው ዛር ቤት ገብተዋል፣ በአዲስ አበባም ከበገና ደርዳሪና ከእምቢልታ ነፊ ጋር ቁጭ ብለው አዳምጠዋል።